ሁለት ባለሙያ፣ አንድ ፈቃድ

ሰኞ፣ ዝናቡ የጀመረ ዕለት

ሁለት ተቆጣጣሪዎች ሱቄ መጡ። አንዱ ከክልሉ ነው፣ አንዱ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት። እንደተኳረፉ ዘመዳሞች ጎን ለጎን ቆመው አይተያዩም።

የክልሉ ሰውዬ ቀደም ብሎ፣ «ከእንግዲህ ቧንቧም መብራትም ሆነ ማንኛውንም የግንባታ ሙያ የሚሠራ ሁሉ የብቃት ፈቃድ ያወጣል። ፈተና አለው፤ የጽሑፍም፣ የተግባርም» አለኝ። የከተማው ተቀበለው፤ «የእነሱ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። እዚህ ከተማ ሱቅ ከፍቶ ሥራ ለመያዝ፣ ፈቃድ ያላቸው ሁለት ባለሙያዎች አብረው መመዝገብ አለባቸው።»

«እኔ ብቻዬን ነኝ» አልኩ።

«እንግዲያው ሁለት ይሁኑ» አለኝ፤ ጃንጥላ ይግዙ እንደማለት ቀልሎት።

ብቻዬን ነኝ ስል ድምፄ ይቀየራል መሰለኝ፣ ሁለቱም አቀረቀሩ። ሙያውን የጀመርኩት ከልጄ አባት ጋር ነው። እሱ ካረፈ ወዲህ መፍቻውንም ሱቁንም ደንበኛውንም ብቻዬን ይዤ እዚህ ደርሻለሁ። እስከዛሬ «የት ተማርሽው» ያለኝ የለም፤ ውሃው ከመጣ በቃ ነው።

አሁን የያዝኩት የጤና ጣቢያውን አዲሱን የወላዶች ክፍል ነው። የግድግዳውን ቧንቧ ዘርግቼ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ የሙቅ ውሃው መስመርና መታጠቢያዎቹ ናቸው። ማታ ዋናው ተቋራጭ ደወለ። «እህቴ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ፈቃድሽን ካላመጣሽ ሥራውን ለሌላ እሰጠዋለሁ። ላንቺ ብዬ እኔ አልታሸግም።»

እማዬ ነገሩን ስትሰማ «ፈተና? በዚህ ዕድሜሽ?» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ረቡዕ

ማዘጋጃ ቤት ዋልኩ። ክልሉ ለፈተና ለመመዝገብ «ሱቅ እንዳለሽ ከከተማው ደብዳቤ አምጪ» ይላል። ከተማው ደብዳቤውን ለመስጠት «መጀመሪያ የክልሉን ፈቃድ አምጪ» ይላል።

ወረፋው ላይ ከፊቴ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አቶ ይቻላል።

ስሙ አይደለም፤ ከተማው ያወጣለት ነው። ሱቁ ከገበያው ጀርባ ነው። ቧንቧውን ሳያይ፣ ምን እንደተበላሸ ሳይጠይቅ «ይቻላል» ይላል። የሆቴሉን ሥራ ከእጄ ከወሰደብኝ ወዲህ ሰላም አንባባልም። መንገድ ላይ ስንገናኝ እሱ ያስላል፣ እኔም አስላለሁ፣ እንተላለፋለን።

ዞር ብሎ አየኝና «እርስዎም መጡ?» አለ።

«ምነው፣ መስኮቱን ለብቻዎ ተከራይተውታል?»

«ኧረ ቀስ ይበሉ፤ ሰላም ልልዎት ነበር።»

«ሰላም ለማለት ይሄን ሁሉ ዓመት ፈጀብዎት?»

ከኋላችን የቆሙ አንድ ሽማግሌ «ባልና ሚስት፣ ጭቅጭቃችሁን ቤታችሁ ጨርሳችሁ ኑ» አሉ። ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ቤት እስክደርስ ድረስ ፊቴ እንደጋለ ነበር። ንዴት ነው።

መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ግን ሰው ናት። ለሁለታችንም ጊዜያዊ ደብዳቤ ጻፈችልንና ለፈተናው ተመዘገብን። ከዚያ የእሱን ወረቀት አየች፣ የእኔን አየች፤ «እርሳቸው ሁለተኛ ሰው የላቸውም። እርስዎም የለዎትም። ለምን አብራችሁ አትመዘገቡም?» አለች።

«አይሆንም» አልን፣ ሁለታችንም እኩል። ከተዋወቅን ወዲህ የተስማማንበት የመጀመሪያው ነገር መሆኑ ነው። «አይሆንም» የሚባል ቃል በአፉ እንዳለ ራሱ ዛሬ ገና አወቅሁ።

ዓርብ፣ በጥድፊያ

ሁለተኛ ሰው ፍለጋ። ድሮ አብሮኝ የሚሠራው ሌላ ከተማ ገብቷል፣ አይመለስም። የጤና ጣቢያውን መብራት የሚዘረጋው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለራሱ እያነበበ ነው። ብየዳ ቤት ያለው ጎረቤቴም እንደዚሁ። ቀለም ቀቢው ሳይቀር እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ አየሁት። ከተማው በሙሉ ተማሪ ሆኗል። ቧንቧ የሚያውቅ ግን ከእኔና ከዚያ ሰውዬ ሌላ የለም። ከእሱ ጋር ከምሠራ ሱቁን ብዘጋው ይሻለኛል።

ይሻለኛል እንዴ?

እሁድ

ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ሰውዬው ነው። ራሱ በዝናብ በስብሶ፣ የፈተናውን መጽሐፍ ግን በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል። መጽሐፉ ደረቅ ነው።

«ሳስበው አደርኩ» አለ። «እርስዎን ሳይሆን ነገሩን። እርስዎም ያለ እኔ አይሆንልዎትም፣ እኔም ያለ እርስዎ አይሆንልኝም። እስከ ፈቃዱ ብቻ አብረን እንሁን። ከዚያ ሁሉም ወደየመንገዱ።»

«እስከ ፈቃዱ ብቻ» አልኩ።

እማዬ ፎጣ አቀብላው «እኔ ምስክር ነኝ» አለች። አባባሏ አላማረኝም። ሳቅ የያዘው ሰው እንደዚያ ነው የሚናገረው።

ሻይ ጠጥቶ ሊወጣ ሲል ጆሮውን ወደ ጓዳ ቀሰረ። የጓዳው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ልሠራው እያልኩ ነው የከረምኩት። ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ወጣ። ከሄደ በኋላ መፍቻዬን አንስቼ ሠራሁት። ለእሱ ብዬ አይደለም፤ ውሃ ማባከን ደግ ስላልሆነ ነው።

ሐሙስ

ከሥራ በኋላ እኛ ቤት ጠረጴዛ ላይ እናጠናለን። መምህራችን ልጄ ናት። ኮሌጅ ስትማር ያየችውን አበሳ ሁሉ በእኛ ላይ እየተወጣች ነው። መጽሐፉን ይዛ ከወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደች ትጠይቃለች፤ ካልመለስን «ለነገ አጥንታችሁ ኑ» ትለናለች።

እሱ ስሌቱ ላይ ፈጣን ነው። የፍሳሽ ቱቦ ስንት ማዘንበል እንዳለበት በቃሉ ይወጣዋል። እኔ እጄ ያውቀዋል እንጂ ወረቀት ላይ ሲሆን ይጠፋኛል። እሱ ደግሞ ሲያጠብቅ አያውቅበትም፤ ጉልበት ያበዛና መገጣጠሚያውን ይሰነጥቀዋል። ዛሬ አንዱን ጎሚቶ፣ ቧንቧው የሚታጠፍበትን ክርን፣ ሰነጠቀው። «ይህ ጎሚቶ ነው፣ ጠላትዎ አይደለም» አልኩት። ልስቅ አላሰብኩም ነበር።

ሕጉን ስረግመው ከርሜ ዛሬ ትንሽ አፈርኩ። መጽሐፉ ላይ አንድ ምዕራፍ አለ። የውሃ ጎማ ጫፉ ቆሻሻ ባልዲ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሳለ የመንገዱ ውሃ ኃይሉ ቢቀንስ፣ ቧንቧው ቆሻሻውን ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ያው ውሃ ተመልሶ በሌላ ቤት ይጠጣል። የሚከለክለው አንድ ትንሽ ቫልቭ ነው። የወላዶቹን ክፍል አሰብኩ። ሕፃን የሚታጠብበት ነው። ፕላኑን አውጥቼ አየሁት፤ ቫልቩ የለበትም። ነገ ለተቋራጩ እነግረዋለሁ።

ቅዳሜ

ጓዳ ውስጥ ልጄና እማዬ ሲያወሩ ሰማሁ።

«አያቴ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ሳቀች?»

«እኔ መቁጠር ትቻለሁ።»

ስለማን እንደሆነ አላውቅም። የጎረቤታችን ልጅ ሰሞኑን ሳቂታ ሆናለች፣ ስለሷ ይሆናል።

ሰኞ

አዲሱን ሻሽ ያደረግሁት አሮጌው ስላልደረቀ ነው። ዝናብ ነው፣ ምን ይደርቃል። እማዬ ግን ከላይ እስከ ታች አይታኝ «ፈተናው ዛሬ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሰው በገዛ ቤቱ ሻሽ መቀየር አይችልም?

እሱ አላስተዋለም። ወይም አስተውሏል፤ የፍሳሹን ስሌት ሲያስረዳኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳሳተና ልጄ አረመችው።

ማክሰኞ ምሽት

የልጄን አባት ፎቶ አቧራ ጠረግሁ። የሚጠረግበት ቀን ስለደረሰ ነው። ፊት ለፊቱ ቆሜ ስለ ፈተናው ነገርኩት። እንደምፈራ ነገርኩት። ሌላ የምነግረው ነገር የለኝም። ሆኖም ብዙ ቆምኩ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ።

ዓርብ፣ የፈተናው ቀን

በአጭሩ። እጄ አላሳፈረኝም። የተግባሩን ከሁሉ ቀድሜ ጨረስኩ። ፈታኙ ውሃ ለቆ፣ በጣቱ ዳስሶ፣ ጣቱን አየ፤ ደረቅ ነው። ራሱን ነቀነቀ።

የጽሑፉ ላይ ግን አእምሮዬ እንደ ታሸገ ሱቅ ሆነ። ከማዶ ያ ሰውዬ ቀና ብሎ ያየኝ ነበር፤ እንዳያየኝ አቀረቀርኩ። ደክሞኛል።

ረቡዕ

ወደቅሁ። የተግባሩን አልፌ በጽሑፉ ወደቅሁ። እሱ ሁለቱንም አልፏል። ውጤቱ በተለጠፈበት ግድግዳ ሥር ቆመን «አይዞዎት፣ ድጋሚ አለ» አለኝ። «እንኳን ደስ ያለዎት» ብዬው ሄድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር እኮ፤ ፊቴ ነው ያላገዘኝ።

እቤት እማዬ እግሬን ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፈችልኝ። ከእናት ምክር ይልቅ ዝምታዋ ያስለቅሳል።

ሐሙስ

የቧንቧ ዕቃ መሸጫው ባለቤት መገጣጠሚያ ላይ የሚጠመጠመውን ካናፓ እየመዘነልኝ «ሰምተሻል?» አለኝ። ከጎረቤት ከተማ ፈቃድ ያለው አንድ ሰው አቶ ይቻላልን «ነገውኑ አብረን እንመዝገብ» ብሎታል አሉ። ትልልቅ ሥራዎች ይዟል አሉ።

ይሁን። መብቱ ነው። እስከ ፈቃዱ ብቻ ነው የተባባልነው፣ እሱ ደግሞ ፈቃዱን አውጥቷል። እኔን የሚያሳስበኝ የጤና ጣቢያው ሥራ ነው። ሌላ የሚያሳስበኝ የለም። ምሳ ያልበላሁትም በጤና ጣቢያው ሥራ ነው።

ካናፓውን ከፍዬበት ሱቁ ላይ ረስቼው መጣሁ።

ዓርብ

ሱቄ ታሸገ። ተቆጣጣሪዎቹ ይቅርታ እየጠየቁ ነው ያሸጉት። «ድጋሚውን እስኪያልፉ ነው» አሉኝ። ወረቀቱ በሩ ላይ ተለጥፎ ሳየው የሰው ቤት መሰለኝ።

ተቋራጩም ደወለ። «የእኔም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወድቋል» አለኝ። «ያለ መብራት ውሃ ብቻውን ምን ያደርግልኛል? ድጋሚው እስኪደርስ እጠብቃለሁ። አብራችሁ ጸልዩ።» ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በሌላ ሰው መውደቅ ደስ አለኝ። ይቅር ይበለኝ።

የዚያው ዕለት፣ አመሻሽ ላይ

መጣ። የታሸገው በር ጋ ቆሜ ሳለሁ አገኘኝ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ሁለታችንም ጣሪያው ጠርዝ ሥር ተጠግተን ቆምን።

«ያንን ሰውዬ እምቢ አልኩት» አለ።

«ለምን? መብትዎ ነው። ሥራ ይዟል፤ ፈቃድ አለው፤ እኔ የለኝም።»

«ይቻል ነበር» አለ። ከዚያ ዝናቡን እያየ «አልፈለግሁም» አለ።

የሆቴሉን ነገር አነሳሁበት፣ ሌላ ነገር ባጣ። እሱም ነገረኝ። ባለ ሆቴሉ «እሷ ሥራ በዝቶባት ትታዋለች» ብሎት ነው የገባበት። እውነቱን የሰማው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። «ሊነግሩኝ ይችሉ ነበር» አልኩ። «ሳል ብቻ ነበር የምትመልሺልኝ» አለ።

የምትመልሺልኝ አለ። የምትመልሺልኝ።

«በይ ነይ፣ ያን ምዕራፍ እንደገና እንጀምረው» አለና ቀደመኝ። እኔም ተከተልኩት። አላረምኩትም።

እሁድ

አዲስ ዘዴ ተገኘ። ልጄ ናት ያመጣችው። «እማዬ ጥያቄውን አታንብቢው፤ እንደ ደንበኛ ስሚው» አለችኝ። እሱ ደንበኛ ሆኖ ይመጣል። በር ያንኳኳል፣ ድምፁን ለውጦ ያማርራል። «እመቤቴ፣ ሽንት ቤቴ ይሸታል፣ ፍሳሹ ይቆማል፣ ቱቦውን ያዘነበለው ያ ይቻላል የሚሉት አጭበርባሪ ነው።» እኔ እመልስለታለሁ፤ ከዚያ የመለስኩትን እጽፈዋለሁ። ስሌቱ እንደ ወሬ ይወጣልኛል። ልጄ ወንበሩ ላይ በሳቅ ተንፈራፈረች። እማዬ «ይህ ሰው ቧንቧ ሠራተኛ ባይሆን ተዋናይ ይወጣው ነበር» አለች፤ ሲሄድም በር ድረስ ሸኘችው። እማዬ ጉልበቷን እያመማት ማንንም በር ድረስ አትሸኝም።

ማክሰኞ

እሱ ዛሬ አልመጣም። ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ላከ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሾርባ ሠርቼ ልጄን ላክሁለት። ከዚያ ጨው ማነሱ ትዝ አለኝና ራሴ ጨው ይዤ ሄድኩ። እሱ ቤት ጨው እንደማይጠፋ የገባኝ መንገዱን ካጋመስኩ በኋላ ነው።

ሐሙስ፣ ድጋሚው

ጻፍኩ። ጥያቄዎቹን በእሱ ድምፅ ሰማኋቸው። አንዱ ላይ ብቻዬን ሳቅሁና ፈታኙ ገላመጠኝ።

ማክሰኞ

አለፍኩ። አለፍኩ። አለፍኩ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛውም አልፏል፤ መንገድ ላይ አቅፎኝ ዞረ። ማዘጋጃ ቤት አብረን ገባን፣ እኔና እሱ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ሁለቱን የክልል ፈቃዶች ጎን ለጎን አድርጋ በአንድ የከተማ ፈቃድ ላይ ማኅተሙን መታችው፤ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። «እንዲህ ነው ደስ የሚል» አለች። ተቆጣጣሪዎቹም ሱቄ ድረስ መጥተው እሽጉን ቀደዱት። የከተማው ሰውዬ ቤቱ የሚያፈስ ሲንክ እንዳለ በዚያው ነገረን።

እስከ ፈቃዱ የሚለውን ነገር ማንም አላነሳም። እሱ ዕቃውን ወደ እኔ ሱቅ ማጓጓዝ ጀምሯል፤ ለሥራው ስለሚቀርብ ነው ይላል። ይቀርባል፣ እውነቱን ነው።

ቅዳሜ

ዝናቡ አባርቷል። የጤና ጣቢያው ሥራ ሊያልቅ ነው። እሱ ይለካል፣ እኔ አጠብቃለሁ። ቫልቩንም ገጠምኩ፤ ተቋራጩ ፕላኑ ላይ አስጨምሮታል። ዋናዋ አዋላጅ መጥታ የመታጠቢያውን ከፍታ በራሷ ክንድ ለካች። «ትንሽ ከፍ አድርጊልኝ፤ ሕፃን ይዤ ነው የምጎነበሰው» አለችኝ። ከፍ አደረግንላት። እየሠራን እሱ ያንጎራጉር ነበር። ድምፁ መጥፎ ነው። ዝም በል ልለው ብዬ ተውኩት።

ሰኞ፣ በጣም ረጅም ቀን

ዛሬ የውሃው ሙከራ ነበር። ገና ቦይለሩን እንዳሞቅን በኮሪደሩ ሩጫ ሰማን። አንዲት ሴት ምጥ ይዟት ደረሰች፤ አሮጌው ክፍል ሞልቷል። አዋላጇ ብቅ ብላ «ውሃው ይመጣል ወይስ አይመጣም?» አለችኝ።

እሱን አየሁት። «ይቻላል» አላለም፤ ለእኔ ተወልኝ። «ይመጣል» አልኳት።

ዋናውን ከፈትኩ። ቧንቧው ሁለት ጊዜ ተንተፋተፈ፣ አየሩን ተፋ፣ ከዚያ ወረደ። ንጹሕ ነው። ከዚያ ሞቀ። እኛ መገጣጠሚያውን ሁሉ በእጃችን እየዳሰስን ወጣን፤ የትም አላፈሰሰም። በሩ ተዘጋ።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ተቀመጥን። የእሱም የእኔም እጅ በካናፓና በቅባት ጥቁር ነው። ብዙ ቆየን። ከዚያ የሕፃኑ ድምፅ ተሰማ፣ ከሥሩም የውሃው ድምፅ። እኔ አለቀስኩ። አዋላጇ ብቅ ብላ «ሴት ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። ውሃችሁ ጥሩ ነው» ብላን ተመለሰች።

እሱ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ የልጅሽን አባት እንደምትወጂው አውቃለሁ» አለ። «አብሬው ባልሠራም አውቀው ነበር፤ ደግ ሰው ነበር። የእሱን ቦታ ልውሰድ አልልም። ጎኑ ቦታ ካለ ግን…» ቀሪውን አልጨረሰውም። ስሌቱን ሁሉ በቃሉ የሚወጣው ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር አቃተው።

ለወራት እዚህ ደብተር ላይ የጻፍኩትን ሁሉ አሰብኩ። ራሴን ምን ያህል ሳሞኝ እንደከረምኩ ገባኝ።

«እሺ» አልኩት። እንደዚህ ብቻ። «እሺ።»

ማክሰኞ ጠዋት

ቁርስ ላይ ነገርኳቸው። ቃሉን እንዴት እንደማወጣው ሳዘጋጅ ነበር ያነጋሁት፤ ሲደርስ ግን ሁሉም ተደባለቀብኝና ከቦይለሩ ጀመርኩ።

እማዬ እስክጨርስ ጠብቃ፣ «እኔ እናትሽ ነኝ» አለችኝ። «ስትስቂ የማላውቅ መስሎሽ ነው? አንቺ እስክትደርሺበት ነው ዝም ያልኩት።» እንባዋ ወረደ። ልጄ ከኋላዬ መጥታ አንገቴን አቀፈችኝና ሳትለቀኝ ቆየች። «አባዬም ደስ ይለዋል» አለች፣ ጆሮዬ ሥር። ያኔ ሦስታችንም ተነሳን፤ ማልቀስ ነው፣ መሳቅ ነው፣ መለየት አልቻልንም።

በሩን የሰማው የለም። ቀና ስል እሱ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሦስት ሴቶች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ባርኔጣውን ቀስ ብሎ አወለቀና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን ነው?» አለ።

እማዬ እንባዋን በእጇ ጠረገች።

«ግባ ልጄ» አለችው። «የሞተ ሰው የለም።»